የሰርቨሩ ሞግዚት

በየትኛውም መሥሪያ ቤት አንድ ኪራይ ጠል አይጠፋም። ከገዛ እጁ ሥራ በቀር ምንም አያምንም፤ አናጺ ሲጠራበት እናቱን የሰደቡበት ያህል ያመዋል።

ለሥራ አስኪያጇ ዕጣ ፈንታዋ ሆነው የደረሷት የኮምፒውተር ባለሙያው ናቸው። በዕድሜ ከሁሉም ስለሚበልጡ ፊት ለፊት «ጋሼ»፣ ዞር ሲሉ «ክቡርነታቸው» ይባላሉ። ክቡርነታቸው መጀመሪያ የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ጠገኑ። በማግስቱ ሂሳብ ሹሟ ተቆልፎባት ግማሽ ቀን እዚያው ዋለች። እሷ በሩን ስትደበድብ እሳቸው ከውጭ ቁጭ ብለው፣ «አይዞሽ! ጥንካሬውን እዪልኝ እንጂ!» ይሏት ነበር።

መሥሪያ ቤቱ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ወላጆች የምልክት ቋንቋ በቪዲዮ የሚያስተምር ትንሽ ድርጅት ነው። ቪዲዮዎቹ የሚቀመጡት በኪራይ፣ በኢንተርኔት የማከማቻ ቦታ በሚያከራይ አንድ የክላውድ ኩባንያ ዘንድ ነበር። መጠበቁም መጠገኑም የኩባንያው ፈንታ ነው፤ ሥራ አስኪያጇ ከፍላ መተኛት ብቻ። ችግሩ፣ ኩባንያው ለማስቀመጡ ብቻ ሳይሆን አንድ ወላጅ ቪዲዮ ከፍቶ ባየ ቁጥር ለወጣው ዳታ ያስከፍላል። ትምህርቱ በወላጆች ዘንድ በተወደደ ቁጥር በእሷም ላይ ዋጋው ተወደደባት።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ጦር ሰበቁ። «የተከራየሽው ቤት አከራይ ከደጅ በወጣሽ ቁጥር ቀረጥ ይቀበልሻል? ይሄ ቤት ነው ኬላ? የሰው ወርቅ አያደምቅ! ቪዲዮዎቹን የሚይዝ የራሳችንን ማሽን፣ የራሳችንን ሰርቨር እናቁም። ኢንተርኔቱን እንደሆነ በወር ቁርጥ እንከፍላለን፤ የፈለገው ያህል ይውጣበት።»

«ሲበላሽስ፣ ጋሼ?»

«እኔ ሞቻለሁ?»

የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ትዝ አላትና ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ወጪው እንዲቀንስ ብላ የቪዲዮዎቹን ጥራት አስቀነሰች። ሂሳቡ በእርግጥ ወረደ።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት እናት ትንሽ ልጇን በእጇ ይዛ ቢሮዋ ገባች። «የአስተማሪዋ ጣቶች ተጣብቀው ነው የሚታዩኝ» አለች። «ልጄ ውሃ ትበለኝ፣ አመመኝ ትበለኝ፣ አልለየውም። እጇን ታወዛውዝልኛለች፤ እኔ ደግሞ ዝም ብዬ አያታለሁ።» በር ላይ የቆሙት ጋሼ እንኳ ለወትሮው ከአፋቸው የማይጠፋውን «አላልኩሽም?» ዋጡት።

ሰርቨሩ ተገዛ። የጽሕፈት ዕቃ ክፍል ውስጥ ተተከለ፤ ቪዲዮዎቹ ወደ ሙሉ ጥራታቸው ተመለሱ፤ የአስተማሪዋ ጣቶች አንድ በአንድ ተለይተው ታዩ። የሥራ አስኪያጇም ሰላም አብሮ ተለያት።

ያ ክፍል ቤተ መንግሥት ሆነ። ወረቀት ፈልጎ መግባት ክቡርነታቸውን ደጅ መጥናትን ይጠይቅ ጀመር። አንድ ቀን ከስብሰባ ስትመለስ የቢሮዋ አየር ማቀዝቀዣ ከግድግዳው ተነቅሎ ሰርቨሩ ክፍል ተተክሎ አገኘችው።

«እሱ ሲሞቀው ይታመማል» አሏት ጋሼ።

«እኔስ?»

«አንቺ መስኮት መክፈት ትችያለሽ።»

ይህንንም ቻለችው። ጽዋው ሞልቶ የፈሰሰው በጋሼ ሴት ልጅ ሠርግ ዕለት ነው። ሰርቨሩ ቆመ፤ የወላጆች ስልክ ያለ ፋታ ይጮህ ጀመር። ማንም ሳይጠራቸው ክቡርነታቸው ከነሙሉ ልብሳቸው፣ ደረታቸው ላይ አበባ እንደሰኩ ከተፍ አሉ። «ኧረ ጋሼ፣ በፈጠረዎት ይመለሱ!» ብትል ማን ሰምቷት። ተንበርክከው ፈቱት፣ ገጠሙት፣ አስነሱት። አቧራቸውን አራግፈው ወደ አዳራሹ ሲደርሱ ሙሽሮቹ ሄደዋል።

ከዚያ ወዲያ ሥራ አስኪያጇ ከጀርባቸው ዞረች። ክላውድ ላይ ትንሽ ቦታ ተከራየችና የቪዲዮዎቹን ቅጂ አስቀመጠች፤ ሰርቨሩ በወደቀ ቀን ብቻ ተክቶት እንዲሠራ። የኬላው ቀረጥም የዚያን ቀን ብቻ ይሆናል።

ደረሱበት። ቢሮዋ ገብተው በሩን ዘጉ።

«ከኔ ጀርባ?»

«አዎ፣ ጋሼ። ይስደቡኝ፤ ግን አልመልሰውም።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። «ልጄ ስትዳር መርቄ ሳልሸኛት ቀረሁ» አሉ። «እናቷ ይኸው እስከ ዛሬ ታኮርፈኛለች።» ቀና አሉ። «ደግ አድርገሻል። ግን ያስቀመጥሽበት አኳኋን እጅ እግር የለውም። ተነሺ፣ እኔ ላስተካክለው።»

ሰርቨሩ ተተኪ ስላገኘ ክቡርነታቸው በሥራ ዘመናቸው የመጀመሪያውን ዕረፍት ወስደው ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄዱ። መሥሪያ ቤቱ እፎይ አለ። እፎይታው ግን እስከ ማግስቱ ረፋድ ነበር፤ የሥራ አስኪያጇ ስልክ ጮኸ።

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ ጋሼ። ኧረ ይረፉ!»

«ባፍማ ማንም ደህና ነው ይላል። ድምፁን አሰሚኝ።»

ዕድሏን እየረገመች ተነሣች። ወደ ጽሕፈት ዕቃ ክፍሉ ገባችና ስልኩን ወደሚያጉረመርመው ማሽን አስጠጋችው። ከወዲያ በኩል የሴት ልጃቸው ሳቅ ተሰማ፦ «አባዬ፣ በቃ ዝጋው! ምሳ ቀረበ እኮ!»

«እሽ፣ ዝም በይ፤ እየሰማሁ ነው!»

መስመሩ ተቋረጠ ብላ ብትዘጋው ማንም አያውቅባትም ነበር። ክንዷ ሲዝል ስልኩን ወደ ሌላው እጇ አዛወረችውና ጠበቀቻቸው።