ከነላስቲኩ ስድስት ዓመት የተጫወተ ጊታር

እኛ ዕቃ የምንገዛው ልንጠቀምበት ነው ወይስ ልንጠብቀው? መልሱን ከፈለጋችሁ ሳሎናችሁን ዞር ብላችሁ እዩት። ሪሞቱ በላስቲክ ከመጠቅለሉ የተነሣ ቁጥሮቹ አይታዩም፤ የፍሪጁ በር ላይ ፋብሪካው የለጠፈው ስስ ላስቲክ ጠርዙ ተቆልምሞ ጠቁሯል፤ ሶፋው ደግሞ እንግዳ በተቀመጠና በተነሣ ቁጥር ይንጫጫል። እየሳቅኩባችሁ አይደለም። በዚህ ነገር እኔ ከሁላችሁም የባስኩ ነኝ።

ሰበታ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜና እሑድ ግን በሠርግ ባንድ ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር እጫወታለሁ፤ በሰፈሬ የምታወቀውም በዚያ ነው። አርባን ካለፍኩ ሰነባብቻለሁ፤ አሁንም «የጊታሩ ልጅ» ይሉኛል። ጊታሬ ቀይ ነው፤ ከክሮቹ ሥር ነጭ የፕላስቲክ ሰሌዳ አለው። ልምምድ ባለቀ ቁጥር እስኪያብረቀርቅ በደረቅ ጨርቅ እወለውለዋለሁ። «ከአያያዝ ይቀደዳል» አይደል የሚባለው?

ይህ ጊታር ታዲያ ከድሮም ይንጣጣል፤ ዘንድሮ በበጋው ግን ባሰበት። እጄ ሰሌዳውን በነካ ቁጥር፣ ሽንኩርት የጋለ ዘይት ውስጥ እንደገባ፣ ቸስ ይላል። የባንዱ አለቃና ኪቦርድ ተጫዋች ኦቦ ገመቹ ታግሠው ታግሠው አንድ ቀን ጠሩኝ።

«ስማ፣ እስከ ሐሙስ ልምምድ አስተካክለው። ካልሆነ ቅዳሜ ጊታሩን እኔው በኪቦርድ እጫወተዋለሁ። አንድ በተን መጫን ነው።»

አንድ በተን! ክፉኛ ደነገጥኩ። ከጊታር ከወጣሁ የምቀረው መጋዘኑ ውስጥ ነው።

ጥፋተኛው ፒክአፕ ነው ብዬ ደመደምኩ። መኪናው አይደለም፤ ከክሮቹ ሥር ተቀምጦ ንዝረታቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው የሚልክ ማግኔትና ጥምጥም ሽቦ ነው። ሱሉልታ ያለ ጊታሪስት ጓደኛዬን ባማክረው «ባለ ሁለት ጥምጥሙን ውሰድ፤ ድምፁ ወፍራም ነው፣ እዝዝታም አይለቅምም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግን ሰፊ ስለሆነ እሱን ለማስገባት እንጨቱን መፈልፈል ሊኖርብኝ ነው። ያ የሚያብረቀርቅ ቀይ ቀለም በመሮ ሲነሣ ታየኝና ሐሳቡን ተውኩት። ድምፁ ቀጠን ጠራ የሚለውን ባለ አንድ ጥምጥም በልኩ ገዛሁና ቡራዩ ወዳለው ሙስጠፋ ሄድኩ። ሙስጠፋ ሬዲዮና ድምፅ ማጉያ ጠጋኝ ነው፤ ሙያውን ከነሱቁ ከአባቱ ነው የወረሰው።

«አካም ጅርታ?» ብሎ ሰላም አለኝና «አምጣው» አለ። መበየጃውን ከማሞቁ በፊት ጊታሩን ከማጉያው ጋር አገናኝቶ አዳመጠ። ጸጥ ያለ ነው። እኔ ደግሞ ሰሌዳው ላይ አቧራ አየሁና ጨርቄን አውጥቼ ወልወል አደረግኩት። ቸስስ!

«እስቲ ድገመው።»

ደገምኩት። ቸስስ!

ሙስጠፋ ጎንበስ ብሎ የሰሌዳውን ጠርዝ በጥፍሩ ፈነቀለ። «ይኼ የፋብሪካ ላስቲክ መቼ ነው የሚነሣው?»

«እንዳይጫር ብዬ…»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ስድስት።»

ደግነቱ አልሳቀም፤ ነገሩን አስረዳኝ። ላስቲክ በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ፣ ሹራብ ስናወልቅ እንደሚንጣጣው ዓይነት ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ፒክአፑ እሱን ነው የሚሰማው። በእንክብካቤዬ ብዛት አሳምሜው ኖሬአለሁ። «እርጠብ ባለ ጨርቅ ጥረገው፣ ከዚያ አድርቀው፣ በቃ። የመኪና ፖሊሽ እንዳታስነካው፤ ፀሐይ ላይም አታቁመው» አለና ላስቲኩን በአንድ ስቦ ላጠው። ማየት ስላልቻልኩ ፊቴን አዞርኩ። አዲሱ ፒክአፕ ከነካርቶኑ ኪሴ ውስጥ ቀረ፤ ሻጩ ከጀርባው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ለጥፏል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ሐሙስ ኦቦ ገመቹ «ቶኮ፣ ለማ!» ብለው ቆጥረው አስጀመሩን። አንድም ቸስታ የለም፤ የጊታሬ እያንዳንዱ ድምፅ ተለይቶ ይሰማል። ቅዳሜ የእኔ ናት ብዬ በልቤ ፈነደቅኩ። ሁለተኛው ዘፈን መሐል ላይ ግን እጃቸውን አንሥተው ባንዱን አስቆሙ።

«ይቺን ቦታ ለብቻህ ተጫወታት።»

ተጫወትኳት።

«ጊታሩስ ድኗል» አሉ። «ይቺን ቦታ ግን እስከ ዛሬ ሁሉ እንዲህ ነበር የምትጫወታት?»

ላቤ መጣ። «ጫጫታው ስለነበረ… እኔም ስሕተቴን አልሰማሁትም ኖሯል» አልኩ። «ቅዳሜስ፣ ኦቦ? በተኑን ሊጫኑት ነው?»

ሌሎቹን አሰናበቱና ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ገና ሁለት ቀን አለን» አሉኝ። «በል፣ ቀስ ብለህ፣ ከመጀመሪያው።»