ሳያዩ የሚያውቁት መካኒክ

አንባቢዬ፣ ሳያይ የሚያውቅ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔን ዳንግላ ውስጥ ገጥሞኛል። መካኒክ ናቸው፤ ጋሽ ይርጋ ይባላሉ።

ከዳንግላ እንጅባራ የምመላለስባት ሚኒባሴ ዳሽቦርዷ ላይ ቢጫዋን የሞተር መብራት አበራችና ጉልበቷ ከዳት። ዳገት ላይ መንገደኞቼ እየወረዱ በእግራቸው ይቀድሙኝ ጀመር። ጋሽ ይርጋ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ፣ ድምጿን ብቻ አዳምጠው «የኦክስጅን ሴንሰር ነው» አሉ። ቀየርን፤ መብራቱ አልጠፋም። «እንግዲያው የአየሩ ነው» አሉ። ያንንም ቀየርን፤ ባሰባት።

«ጋሼ፣ በኮምፒውተር ብናስመረምራትስ?» ብላቸው፣ «እኔ በቁሜ እያለሁ?» ብለው ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ።

ተደብቄ እንጅባራ ወሰድኳት። መመርመሪያ ማሽን ያላት ባለሙያ ሽቦውን ተከትላ ሄዳ አይጥ የበላው ቦታ አገኘች።

«ሴንሰሮችህ ደህና ነበሩ። እነዚህ የተገጠሙልህ ግን ላያቸው ላይ የተጻፈው ቁጥርም የሌላ መኪና ነው» አለችኝ። ሽቦውን ቀጥላ፣ ያልጣልኳቸውን የድሮዎቹን ሴንሰሮች መልሳ ገጠመች። መብራቱ ጠፋ።

ዳንግላ ስደርስ ጋሽ ይርጋ መናኸሪያው በር ላይ አስቆሙኝ። የሆነውን ነገርኳቸው።

«ሽቦ ነው ብዬህ አልነበር?» አሉ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ።

ደክሞኛል።

«ብለውኛል ጋሼ» አልኳቸው።