ይቆረጥ ወይስ ይጨመር?

[ጠባብ የልብስ ስፌት ሱቅ። በሽቦ ላይ የደንበኞች ኮቶች ተንጠልጥለዋል። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ መቀስ በእጁ ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። የሚስቱ ታላቅ ወንድም አስር አለቃ፣ ግራ እግሩን ከጉልበት በታች ጦር ሜዳ ጥሎ የመጣ ሰው፣ ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። እሱ ያመጣው አዲስ ጥቁር ሱሪ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።]

ሰፊው፦ ይቆረጣል አልኩ ይቆረጣል! ከዚህ በኋላ ድርድር የለም!

አስር አለቃ፦ ይቆረጥ፤ ማን አትቁረጥ አለህ? ምን ያህል ይቆረጥ ነው ጥያቄው።

ሰፊው፦ በደንብ ነዋ! ከሥሩ!

አስር አለቃ፦ ኧረ አንተ ልጅ! ሁለት ጣት ይበቃል።

ሰፊው፦ ሁለት ጣት? ጋሼ፣ የአገር በጀት በጣት ይለካል እንዴ?

አስር አለቃ፦ እኔ ስለ ሱሪው ነው የማወራው።

ሰፊው፦ እኔ ስለ ንግግሬ! አሥር ሰዓት ላይ የሰፈሩ አዳራሽ ጢም ይላል። ከገንዘብ መሥሪያ ቤት ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። «የበጀት ጉድለቱን ለመሙላት የጦር ጉዳተኞች ጥቅማ ጥቅም ይቆረጥ ወይስ የነጋዴው ግብር ይጨመር? እስቲ አስተያየት ስጡን» ብለዋል። ተነሥቶ የሚናገረው ማነው? እኔ! በሰፊው ሕዝብ ስም!

አስር አለቃ፦ ልብስ ሰፊዎች መርጠውህ ነው?

ሰፊው፦ ልብስ ሰፊ አላልኩም! ሰፊው! ብዙኃኑ!

አስር አለቃ፦ በዚህ ሰፈር ልብስ ሰፊ አንተ ብቻ ነህ ብዬ እኮ ነው። መቼ ብዙኃን ሆናችሁ?

ሰፊው፦ [ወደ ኮቶቹ ዞሮ] አያችሁልኝ? ይሄን ሰው ነው ጠመንጃ ያስያዙት። [ወደ አስር አለቃ] እሺ፣ ቀስ ብዬ ላስረዳዎት። መንግሥት ገንዘብ ያስገባል፣ ገንዘብ ያወጣል። አሁን ልጠይቅዎት፤ ከሚያስገባው የሚያወጣው ሲበልጥ ምን ይባላል?

አስር አለቃ፦ የእህቴ ባል።

ሰፊው፦ ጉድለት! ጉድለት ነው የሚባለው!

አስር አለቃ፦ ያኔ ሳታገባህ በፊት እኔም እንደዚያ ብያት ነበር። «ልጁ ደኅና ነው፤ ግን ጉድለት አለበት» አልኳት።

ሰፊው፦ የበጀት ጉድለት!

አስር አለቃ፦ እሱን ማን አጎደለው?

ሰፊው፦ ማንም አላጎደለውም። ራሱ ነው የጎደለው።

አስር አለቃ፦ በእኛ ጊዜ ጥይት ጎደለ ከተባለ መጋዘን ጠባቂው ነበር የሚታሰረው።

ሰፊው፦ ይሄ ኢኮኖሚ ነው፣ ጋሼ! ኢኮኖሚ!

አስር አለቃ፦ አልታሰረም በለኛ።

ሰፊው፦ [ግንባሩን ይዞ] ይተዉት። አጠር ላድርግልዎት። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ወይ ቀረጥ፣ ወይ ቁረጥ።

አስር አለቃ፦ ልዩነታቸው?

ሰፊው፦ ቀረጥ ከእኔ ኪስ ነው የሚወጣው። ቁረጥ ደግሞ… ያው ከእናንተ ነው።

አስር አለቃ፦ አሁን ገባኝ። ሁለቱም መቀስ ነው፤ እጀታውን የያዘው ሰው ነው የሚለያየው።

ሰፊው፦ [ሳያዳምጥ ሱሪውን በእጁ እየዳበሰ] ጨርቁ ግን ግሩም ነው። ካውያ እንኳ አያስፈልገው። ከየት አገኙት?

አስር አለቃ፦ ከገባሁ ጀምሮ ልነግርህ የምፈልገው እሱን ነው። ይሄ ሱሪ የኔ—

ሰፊው፦ ቆይ ቆይ፣ ይቺ ሐሳብ ሳትጠፋብኝ! [ወንበር ላይ ወጥቶ] «ክቡራትና ክቡራን! አገር የምትመራው በቆራጥ ሰው ነው!» እንዴት ናት?

አስር አለቃ፦ እኛንም ቆራጥ ይሉን ነበር። ደመወዛችን ለእናቶቻችን ተቆራጭ፣ እግራችን ለሐኪም ተቆራጭ።

ሰፊው፦ እሱን እንዳይናገሩ! ሕዝቡ ሆዱ ይባባል፣ ንግግሬ ይበላሻል። [ወርዶ] ደግሞ ጋሼ፣ ክፉ ሰው አድርገው አይዩኝ። እኔም ወድጄ አይደለም። ሰው ሁሉ የተሰፋ ልብስ ከገበያ እያነሣ ይሄዳል። እኔ ወር ሙሉ የምቀይረው ዚፕ ነው። በዚህ ላይ ግብር ጨምሩ ካሉኝ ሱቁን ዘግቼ ቁልፉን ለእህትዎ ነው የምሰጣት።

አስር አለቃ፦ [ዝግ ብሎ] ታዲያ ይሄን ንገራቸዋ። እውነት ነው፤ ሰው ይሰማሃል።

ሰፊው፦ ዚፕ መድረክ ላይ ይወራል? ለመድረክ ቁም ነገር ነው የሚያስፈልገው። እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ያ ጥቅማ ጥቅም ምን ያደርግልዎታል?

አስር አለቃ፦ የክራንቹ ጎማ ሲያልቅ ይቀየርልኛል። ብርድ ሲሆን የሕመም ማስታገሻ ይሰጠኛል። የሌለው እግሬ ያሳክከኛል።

ሰፊው፦ የሌለ እግር እንዴት አድርጎ ነው የሚያሳክከው?

አስር አለቃ፦ እኔም ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። «አንጎልህ እግሩ መሄዱን አልሰማም» አለኝ። እስኪሰማ እጠብቃለሁ፤ ይኸው ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው።

ሰፊው፦ [ሊስቅ ብሎ ይተወዋል፤ ጠመኔ አንሥቶ ሱሪው ላይ ይጎነበሳል] በሉ ሥራችንን እንሥራ። የሌለዎት ግራው ነው አይደል?

አስር አለቃ፦ ግራው ነው። ግን—

ሰፊው፦ በቃ፣ ግራው ከጉልበት ይቆረጥና ይዘጋል። [በጠመኔ ያሰምራል]

አስር አለቃ፦ ኧረ ከጉልበት አትንካው! ሁለት ጣት፣ ከሁለቱም እግር።

ሰፊው፦ ከሁለቱም? ጋሼ፣ እግር በሌለበት በኩል ሁለት ጣት አሳጥረን ማን ሊያይልን ነው?

አስር አለቃ፦ የሚለብሰው ያየዋል።

ሰፊው፦ የሚለብሰው የለማ! ይሄውልዎት፣ ብክነት ማለት ይሄ ነው! አንድ ሙሉ የሱሪ እግር ባዶውን ተንጠልጥሎ! [ፊቱ ይበራል] ኧረ ይሄማ ለንግግሬ ምሳሌ ይሆነኛል! «ክቡራን! መቁረጥ ያለብን ማንም ከማይጎዳበት ቦታ ነው!»

አስር አለቃ፦ ስማኝ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ፤ ሱሪውን እኔ አይደለሁም የምለ—

ሰፊው፦ «ትንሽ ይጮኻሉ! ይጮኹ! ያልገባቸው ሰዎች ሁልጊዜ ይጮኻሉ!»

አስር አለቃ፦ መቀሱን አስቀምጥ!

ሰፊው፦ «ቆራጥ መሪ ግን እጁ አይንቀጠቀጥም!»

[ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ግራው የሱሪ እግር መሬት ላይ ይወድቃል።]

አስር አለቃ፦ ቆረጥከው።

ሰፊው፦ ቆረጥኩት! ምን ሆነ? አመመዎት?

አስር አለቃ፦ እኔን አላመመኝም።

ሰፊው፦ አዩ! የሚጮኹት ከመቆረጡ በፊት ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ ሁሉም ይለምደዋል። በሉ ይልበሱትና ልየው።

አስር አለቃ፦ አልለብሰውም። የእኔ አይደለም።

ሰፊው፦ እንዴት የእርስዎ አይደለም? የማን ነው ታዲያ?

አስር አለቃ፦ የባለ ሁለት እግር ሰው።

ሰፊው፦ [መቀሱ ከእጁ ይወድቃል] ወይኔ ጉዴ! ከሰው ተቀብለው ነው ያመጡልኝ? ለምን አይነግሩኝም?

አስር አለቃ፦ መች አስወራኸኝ?

ሰፊው፦ ማነው ሰውዬው? ይከሰኝ ይሆን?

አስር አለቃ፦ አይከስህም። ወሬ ያበዛል እንጂ ክፋት የለውም።

ሰፊው፦ አውቀዋለሁ?

አስር አለቃ፦ ያን ያህል እንኳን የምታውቀው አይመስለኝም።

ሰፊው፦ ቁመቱስ? ምናልባት አጭር ከሆነ…

አስር አለቃ፦ ከእኔ ትንሽ አጠር ይላል። ሁለት ጣት ያህል።

ሰፊው፦ [ሜትሩን ሳያስበው ወገቡ ላይ ያደርጋል] መቼ ነው የሚፈልገው?

አስር አለቃ፦ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ። ንግግር አለበት።

[ሰፊው ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል።]

ሰፊው፦ ጋሼ… የእኔ ነው?

አስር አለቃ፦ እህቴ መጥታ «ባሌ ሰው ፊት ሊቆም ነው፤ ያቺ ሱሪው ከኋላዋ ሳስታ ብርሃን ታስገባለች» አለችኝ።

ሰፊው፦ [እጁን ወደ ኋላ ሰዶ] ታስገባለች እንዴ?

አስር አለቃ፦ ታሳያለችም። «የራሱ መሆኑን ሳያውቅ አሳጥሮ እንዲሰፋው ውሰድለት፤ ሲጨርስ የአንተ ነው በለው፣ ይደሰት» አለች። እኔም ይዤልህ መጣሁ።

ሰፊው፦ [ዓይኑ እንባ ያቀርራል] የኔ እናት! ለሱሪ የሚሆን ከየት አምጥታ?

አስር አለቃ፦ አልተገዛም። ለእኛ ለጦር ጉዳተኞች በዓመት በዓመት አንድ ሱሪ ይሰጠናል። የዘንድሮው ለአንተ ይሁን አልኳት። እኔ የአምናው አላለቀልኝም፤ በአንድ እግር ብዙ አያልቅም።

ሰፊው፦ ቆይ… ይሄ ሱሪ… ጥቅማ ጥቅሙ ነው?

አስር አለቃ፦ ራሱ ነው። ቅድም እንዲያውም ሙሉ ነበር።

ሰፊው፦ [ከተቀመጠበት ዘሎ ቁራጩን ያነሣል] ይጨመር! ይቀጠል! አሁኑኑ! [ክር መርፌ ውስጥ ሊያስገባ ይታገላል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል] ኧረ ይቺ መርፌ ዓይኗ የት ሄደ?

አስር አለቃ፦ ቀስ በል። ሲቆረጥ እንዲህ አልተጨነቅክም።

ሰፊው፦ ከጉልበቴ ላይ ስፌቱ ይታይብኛል! እንደ ከረጢት! ሌላ ጨርቅ ይጨመርበት፣ ከላይ የሚሸፍነው!

አስር አለቃ፦ ከየት አምጥተህ?

ሰፊው፦ ከየትም! [የተንጠለጠለ ጥቁር ኮት ይይዛል] ለምሳሌ ከዚህ… ከሥሩ ትንሽ ብትነሣለት ሰውዬው አያውቅም…

አስር አለቃ፦ ተው! የሰው ኮት ነው። ሠርቶ ነው የገዛው።

ሰፊው፦ ትንሽ ብቻ እኮ ነው!

አስር አለቃ፦ እኔም ሁለት ጣት ብዬህ ነበር፤ አንተ እስከ ጉልበት ወጣህ።

[ሰፊው ኮቱን ይለቃል። ከውጭ የድምፅ ማጉያ ይንጫጫል፤ ስብሰባው ሊጀመር መሆኑንና ተናጋሪዎች ወደ ፊት እንዲመጡ ይጣራል።]

ሰፊው፦ እየጠሩኝ ነው! ምን ለብሼ ነው የምቆመው? በዚህኛው ከቆምኩ ከኋላ ያዩኛል፣ በዚያኛው ከቆምኩ ከፊት!

አስር አለቃ፦ [ክራንቹን ይዞ ይነሣል] አንተ አትቁም። እዚህ በርጩማው ላይ አረፍ በል። የምቆመው እኔ ነኝ።

ሰፊው፦ እርስዎ? ንግግሩን መቼ አጠኑት?

አስር አለቃ፦ [ጎደሎውን ሱሪ አጣጥፎ ትከሻው ላይ ጣል እያደረገ] ምን ንግግር ያስፈልገዋል? ሱሪውን አሳያቸዋለሁ።

ሰፊው፦ [በሩ ላይ እየተከተለው፣ በሁለት እጁ ኋላውን ሸፍኖ] አሳይተውስ ምን ሊሏቸው ነው?

አስር አለቃ፦ «ይቆረጥ የምትሉ በሙሉ፣ ተሰለፉና በየተራ እየለካችሁ እለፉ!»