ወጣቶችን ለምርጫ እንዲያተጋ የተቋቋመው የዘመሮ ኮሚቴ ስለ ተገኘ ዕድሜ የያዘው ቃለ ጉባኤ

ቅዳሜ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ በአምስት ሰዓት፣ በዘመሮ ከተማ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ውስጥ ስብሰባው ተከፈተ።

የተገኙ፦ ባላምባራስ መኳንንት (ሊቀ መንበር፣ ለከተማው ምክር ቤትም ዕጩ ተመራጭ)፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ አማከለች (የሴቶች ተወካይ)፤ ቄስ ገብረየሱስ፤ አቶ ጫኔ፤ ኪዳነ ወልድ (ጸሐፊ፤ ከአባላቱ መነጽር ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ የተሾመ)።

ያልተገኙ፦ ሁለት አባላት፤ አንዱ ለቅሶ ላይ፣ ሌላው የጠፋች በቅሎ ፍለጋ ላይ።

በጥሪ የቀረበ፦ ተገኘ መኳንንት፣ የሊቀ መንበሩ ልጅ (ተገኘ ስሙ ነው)።

ከሰባት አባላት አምስቱ ስላሉ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል ተባለ።

፩ኛ. ወጣቶች ለምርጫ ስላለመመዝገባቸው

ሊቀ መንበሩ ከከተማው ወጣት አንድ እንኳ እንዳልተመዘገበ ገልጸው፣ «የዛሬ ልጅ ለአገሩ ግድ የለውም» ሲሉ በምሬት ተናገሩ። ልጅ ያቦካው ለራት እንደማይበቃ ቢያውቁም፣ ድምፁ ግን እንደሚያስፈልጋቸው አልሸሸጉም።

ተገኘ እንዲያስረዳ ታዘዘ። ወጣቱ ሁሉ ለመመዝገብ ሄዶ እንደነበር፣ መዝጋቢው ግን «ሃያ አንድ ዓመት እንደ ሞላችሁ አባቶቻችሁ ይመስክሩ» ብሎ እንደ መለሳቸው፣ አባቶችም «ልጄ ገና ነው» እያሉ እምቢ እንዳሉ አስረዳ። ምክንያቱን ሲጠየቅ፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ የርስት ድርሻውን ስለሚጠይቅ ነው አለ። እሱም ማሳ ካላገኘ ጎጆ መውጣት እንደማይችል፣ ሊያገባት የሚሻት የእታገኝ ወላጆችም ልጃቸውን ለሌላ ጠያቂ ሊሰጡ እንደተቃረቡ ጨመረ። ከወይዘሮ አማከለች በቀር አባላቱ ሁሉ አባቶች ስለሆኑ፣ በጥድፊያ ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ታለፈ።

፪ኛ. ስለ ተገኘ ዕድሜ

ቄስ ገብረየሱስ ልጁን ያጠመቁት ራሳቸው እንደሆኑ፣ ጊዜውም ጣሊያን የገባበት ፲፱፻፳፰ ዓ.ም. ስለነበር ዕድሜው ሃያ አምስት መሆኑን መሰከሩ። ሊቀ መንበሩ፣ ጠላት የገዛበት አምስት ዓመት ንጉሥ በዙፋኑ ያልነበረበት ዘመን ስለሆነ ዕድሜ ሊቆጠርበት እንደማይገባ፣ ስለዚህ ልጁ ገና ሃያ እንደሆነ አስረዱ። አቶ ጫኔ በበኩላቸው ሚስት ያገቡት በዚያው ዘመን ስለሆነ፣ ጋብቻቸውም የማይቆጠር እንደሆነ በብርቱ ተስፋ ጠየቁ። ቄሱ እንደሚቆጠር ስለነገሯቸው አዝነው ተቀመጡ።

ወይዘሮ አማከለች፣ «ጉድ እኮ ነው! ታዲያ ያን አምስት ዓመት ዋሻ ለዋሻ አዝዬ የዞርኩት ምን ነበር? ድንጋይ ነበር?» አሉ። ሊቀ መንበሩ ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው አሉ። ወይዘሮ አማከለችም ማታ ቤት ሲገቡ አጀንዳ ውስጥ እንደሚገባ ነገሯቸው።

ከብዙ ውይይት በኋላ (ጸሐፊው ስድቡን ሁሉ ቢጽፍ ወረቀት አይበቃውም)፣ ወጣቶች በምርጫው ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ድምፃቸውን እስኪሰጡ ድረስ ሃያ አንድ ዓመት የሞላቸው ሰዎች እንዲሆኑ፣ ከሰጡ በኋላ ግን ወደ ልጅነታቸው እንዲመለሱ ተወሰነ።

ተገኘ እጅ ነሥቶ፣ «እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው በዚያች ጠዋት መጀመሪያ ማሳዬን እጠይቃለሁ፣ ድምፄን ከዚያ በኋላ እሰጣለሁ። ጓደኞቼም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት» አለ። አቶ ጫኔ ሦስት ወንዶች ልጆች ስላሏቸው የሚጠጣ ውሃ ጠየቁ።

፫ኛ. ልዩ ልዩ

ሊቀ መንበሩ ባቀረቡት አስቸኳይ ሐሳብ፣ በዚህ ስብሰባ እስካሁን የተወሰነውና የተነገረው ሁሉ እንዳልተወሰነና እንዳልተነገረ እንዲቆጠር፣ ኮሚቴውም እንዲፈርስ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ወይዘሮ አማከለች ተቃወሙ። ሁሉም ምሳው ስላለፈበት ስብሰባው በስምንት ሰዓት ተዘጋ።

ውሳኔው ያለ ውጭ ሰው ምስክርነት ስለማይጸና፣ ሊቀ መንበሩ ተገኘን «ና ፈርም» አሉት። ተገኘ፣ «ልጅ ምን ምስክር ይሆናል፣ አባዬ?» ሲል መለሰ። ሊቀ መንበሩ በጣም ተቆጥተው፣ «አንተ ጎረምሳ! ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አብልቼ አሳድጌህ አንዲት ፊርማ ትነፍገኛለህ?» አሉ።

ወይዘሮ አማከለች እልል አሉ።

ሊቀ መንበሩ ይህ ቃል እንዲሰረዝ ጸሐፊውን አዘዙ። ጸሐፊው ግን የተሰረዘው ስብሰባው እስኪዘጋ የተነገረው ብቻ እንደሆነ፣ ይህ ከተዘጋ በኋላ የተነገረ መሆኑን፣ የሚሰርዝ ኮሚቴም ፈርሶ እንደሌለ በአክብሮት አስረድቶ ብዕሩን ለተገኘ ሰጠው።

ምስክር፦ ተገኘ መኳንንት፤ ዕድሜ ፳፭፣ በአባቱ ቃል።