የአበባ ችግርን ስለመፍታት

የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ለጨዋነት ሲል የከፈለው መሥዋዕትነት ለትውልድ መተላለፍ ያለበት በመሆኑ፣ በጉዳዩ እጄ ያለበት እኔ ይህን በአክብሮት ጽፌአለሁ።

የመሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ልጅ ማኅሌት ከስምንተኛ ክፍል አንደኛ ናት። በየወሩ ግን አራት ቀን ትቀራለች። መመሪያው በመንፈቅ ዓመት አሥራ አምስት ቀን የቀረ ተማሪ ይሰረዛል፣ ሚኒስትሪም አይፈተንም ይላል። ማኅሌት አሥራ ሁለት ደርሳለች፤ አንድ ወር ብቻ ቀርቷታል።

እኔ ባሕር ማዶ ተሻግሬ ስድስት ዓመት ስለ እጢ የተማርኩ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ልጃገረዶቹ የሚቀሩት በወር አበባ ምክንያት መሆኑን፣ ይህም የሆርሞን ሥራ እንጂ ስንፍና አለመሆኑን፣ በር ያለው መጸዳጃና ውሃ ቢኖር እንደሚመጡ አብራርቼ ጻፍኩ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ደግሰው እኔንም የልጅቷንም አባት አስጠሩን።

“ይኼ ሆርሞን ያልከው መቀመጫው የት ነው?” አሉኝ።

ከአንጎል ሥር ሽምብራ ከምታክል እጢ መልእክት እንደሚወርድ፣ ከታች ያለው እንቁላል ማምረቻ ተቀብሎ በየወሩ እንደሚፈጽም አስረዳሁ። ፊታቸው በራ። ከላይ የሚወርድ መመሪያ ለመረዳት እሳቸውን የሚያህል አልነበረም።

“እስከ ፈተናው እንዲዘገይ ለማን ነው የሚጻፈው?”

“አይዘገይም።”

“ያልተገመገመ አካል ነው በለኛ።”

ከዚያም እንዲህ ያለ ነገር በመንግሥት ማኅተም ሥር ነውር ነው ብለው “የወር” የሚለውን በቀይ ሰረዙት። ይህን ጊዜ መሪጌታ ጣልቃ ገቡ።

“እኛም በዚያ ሰሞን ከቤተ መቅደስ እንከለክላታለን። ስንከለክል ግን ልማደ አንስት ብለን ስሙን ጠርተን ነው። እናንተ ስሙንም ሳትጠሩ ልጄን ልታባርሩብኝ ነው?”

“መሪጌታ፣ እርስዎ መጽሐፍ አለዎት። የእኔን የምትተይበው ወይዘሪት እየሩስ ናት። ምን ትለኛለች?”

ደብዳቤው “ሴት ተማሪዎች በአበባ ምክንያት ስለሚቀሩ” ተብሎ ተተየበ። መዝገብ ቤቱ ጉዳዩ የግብርና ነው ብሎ ወደ ግብርና መራው። ግብርና ደግሞ በዚያ ዓመት አገሪቱ ለአበባ ልማት የሰጠችውን ትኩረት ያውቃልና፣ ሳምንት ሳይሞላ ጋሻዬ የሚባል ባለሙያ ሜትር አስይዞ ላከልን።

ጋሻዬ ትጉህ ሰው ነው። ስህተቱን ልነግረው አፌን ስከፍት ግቢውን መለካት ጀምሮ ነበር፤ የሜትሩን ጫፍ ያዝኩለት።

“በየወሩ ነው የሚመጣው?”

“በየወሩ።”

“ውሃ ይፈልጋላ።”

“በጣም።”

“ፍየል እንዳይገባበትስ?”

“የሚቆለፍ በር ቢኖረው።”

“አጥሩስ? እዚህ ደጋ ላይ ውርጩ አያስቀምጠውም።”

“ከሰው ቁመት በላይ ቢሆን ይመረጣል” አልኩ፤ ስድስት ዓመት የተማርኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ለአገሬ ጠቀመ።

በአሥር ቀን ውስጥ የድንጋይ አጥር፣ የቆርቆሮ በርና በየጠዋቱ የሚሞላ በርሜል ተሟላ። በመካከሉ ሁለት መደብ ጽጌረዳ ተተከለ። ማኅሌት የአበባ ክበብ ሊቀመንበር ተብላ ቁልፉን ያዘች። በዚያ ወር አንድ ቀን አልቀረችም፤ ሚኒስትሪም ተፈተነች። ሌሎቹም መቅረት አቆሙ። ውሃው ለልጃገረዶቹ ስለዋለ ጽጌረዳው ብቻ ደረቀ።

ከዞን የመጣ ልዑክ በክፍሉ መሙላት ተደነቀ። አቶ ደግሰው አበባ ሴቶችን ከትምህርት ጋር እንደሚያስተሳስር ረዥም ንግግር አደረጉ። ልምዱ ምርጥ ተሞክሮ ተብሎ ለትምህርት ቤቶች ሁሉ ተላለፈ። አጥሩ፣ በሩና በርሜሉ ግን ከትምህርት ጋር ግንኙነት ስለሌላቸው ከዝርዝሩ ወጡ፤ የተላከው ችግኝ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከሩቅ ቀበሌ የመጣ መምህር አገኘሁና እንዴት እንደሆነላቸው ጠየቅሁት። ጽጌረዳው ግሩም ሆኖ ይዟል፣ ሴት ተማሪ ግን አንዲትም አልተረፈችልንም አለኝ። ወረዳው ይህንኑ በሪፖርት ተቀብሎ የመጀመሪያውን ግማሽ ለዞን አስተላልፏል።