ገብረአማኑኤል ዘሳክስፎን የአምቦን ውሃ ጨልጦ የነፋበት ዜና

ባጃጅ ጋሪን ከአምቦ አስፋልት ባባረረ በአራተኛው ዓመት፣ መብራት በመጣ ቁጥር ሕዝቡ እልል በሚልበት በዚያ ዘመን፣ በወርኃ ጥር፣ በዕለተ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ የሒሳብ አስተማሪው፣ ባለ ሰፊ ሳንባው፣ ጃዝ ዐዋቂው ገብረአማኑኤል ዘሳክስፎን ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ወይዘሮ ካሰች ምግብ ቤት ዘመተ።

ከእርሱም ጋር የዘመቱት እነዚህ ናቸው፦ ድራሙን በባጃጅ ጭኖ ራሱ በእግሩ የተከተለ ቦንሳ፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ጃዝ ባይገባቸውም ራሳቸውን መነቅነቅ የሚያውቁበት፤ ተማሪዎችም፣ አንድ ሻይ ለሦስት የሚጠጡ። ቤቲቱም ጠባብ ናትና የሳክስፎኑ አፍ የፊተኛውን ጠረጴዛ ጥብስ ሊነካ ጥቂት ቀረው።

ዘመቻውም ለጭብጨባ አልነበረም፤ ለነርስ ሲንቄ ነበር እንጂ። ይወዳታል፣ ትወደዋለችም። አባቷ ኦቦ ሆርዶፋ ግን፣ የእንጭኒው ከብት አርቢ፣ ባለ ባርኔጣው፣ ሽማግሌ ሊላክባቸው መሆኑን በሰሙ ጊዜ፣ «ልጄን ለጡሩምባ ነፊ ከመስጠቴ በፊት ሲነፋ በዐይኔ ልየው» ብለው ዐወጁ። እነሆም ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ ፊታቸውም አልተፈታም።

ጀግናው አንድ ዜማ ነፋ፤ ኦቦ ሆርዶፋ አዛጉ። ሌላ ጨመረ፤ ሰዓታቸውን አዩ። ነገር ግን ላብ ያጠመቀውን ሰው ዐይተው ዝም የማይሉ ደግ ናቸውና፣ ያንን ጋዙ የሚንጫጫውን የአገሩን ውሃ አንድ ጠርሙስ በወይዘሮ ካሰች እጅ ላኩለት። ወይ ጉድ! እርሱን ጠጥቶ መንፋት ምን እንደሚያመጣ ጀግናው ጠንቅቆ ያውቃል፤ ግን ከአማት እጅ የመጣ እንዴት ይመለሳል? ማስተረፉም ንቀት ነው። እስከ ጭላጩ ጨልጦ መንፋቱን ቀጠለ።

ወእምዝ ጋዙ ዐመፀ፤ ደረቱን ከበበ፣ ወደ ጉሮሮውም ገሰገሰ። በአባቷ ጎን የተቀመጠችው ሲንቄም ፊቱ መቅላቱን ባየች ጊዜ ከወንበሯ ብድግ አለች። አማት ፊት ማግሳት! ጀግናው በልቡ አለቀልኝ አለ፤ እጅግም ፈራ። አፉን ቢያነሣ ውርደት፣ ባያነሣ መፈንዳት ሆነበትና ዐይኑን ጨፍኖ ግሳቱን ሁሉ በሳክስፎኑ ውስጥ ለቀቀው። ከናሱም ወፍራም፣ የሚርገበገብ፣ ረጅም ድምፅ ወጣ፤ ብርጭቆዎች ተንቀጠቀጡ፣ ቦንሳም ዱላውን ጣለ፤ መምህራኑ ግን ይህስ ጥልቅ ነው እየተባባሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ኦቦ ሆርዶፋ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ፤ ዐይናቸውም እንባ አቀረረ። ባለፈው ክረምት የሞተባቸው ኮርማ በየማለዳው ከበረት ሆኖ ልክ በዚህ ድምፅ ይጣራቸው ነበርና። በጉባኤውም ፊት እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦ «ገለቶሚ፣ አመሰግንሃለሁ ልጄ። ሽማግሌዎችህ ይምጡ። ይህቺን ግን ድገማት።»

ያለ ውሃው መድገም አይቻልምና ሲንቄ እየሳቀች ሌላ ጠርሙስ ራሷ ከፈተችለት።

ሰላም ለጉንጭህ፣ ሰላም ለከርሥህም፣ ነፋስን በናስ የገዛህ፣ አማትህን ያለ ጥሎሽ ያስለቀስክ፣ በሠርግህም ዕለት የእንጭኒ ላሞች ገመድ በጥሰው ወደ ዳስህ የመጡልህ ገብረአማኑኤል ሆይ፤ ሞገስህ ከጊንጪ እስከ ጉደር ይስፋ።