የፔዳሉ ክንድ ትርጓሜ

ሰውን ትቶ ብስክሌቱን ሰላም የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል፤ ዓባይ ማዶ ብስክሌት የሚጠግኑት ጋሽ አያና ናቸው። እጃችሁን ዘርግታችሁ ብትቆሙ፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው የፔዳሉን ክንድ በጨርቅ ይወለውላሉ። የተሠራበት ዓመት እዚያ ላይ ተቀርጿላ!

ባለፈው ሳምንት ቢኤምኤክስ ብስክሌቴን ላስጠግን ሄድሁ። አባቴ እኔ በተወለድሁበት በሰማንያ አራት ዓ.ም. «ሲያድግ ይነዳታል» ብሎ አዲስ የገዛልኝ ናት። ጋሽ አያና ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ።

«ሰማንያ አራት ይላል።»

«ይኸው! የተወለድሁበት ዓመት!»

«አትቸኩል። ንባቡ ሰማንያ አራት ነው፤ ትርጓሜው ግን ሰባ ስድስት። ፋብሪካው የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው።»

ለካ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች! ይህን ሁሉ ዘመን «አንቱ» ማለት የሚገባኝን ታላቄን ስጋልብ ኖሬያለሁ?

ጋሽ አያናን እግዜር ይስጣቸው፤ እሳቸው ባያነቡልኝ ኖሮ ቤት ገብቼ አባቴን ባልጠየቅሁ ነበር።

«አባባ፣ ብስክሌቷ ስትገዛ አሮጌ ነበረች እንዴ?»

«ቀለሙን እኔው ነኝ የቀባኋት» አለኝ እየሳቀ። «አዲሱማ አንተ ነበርህ።»